ደወል በሌለው ሥራ ዐሥር ዓመት

ሥራ ለሰው እንጀራውም ክብሩም እንደ ሆነ ማንም የሚያውቀው ነገር ነው። ነገር ግን ሥራ ሁሉ በአንድ ልክ አይሠፈርም። የገበሬውን ሥራ ፀሓይና ዝናም ይወስኑታል፤ የፋብሪካውን ሥራ ደወል ይወስነዋል፤ የመሥሪያ ቤቱን ሥራ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት ይወስነዋል። በዘመናችን የተነሣው የዲጂታል ሥራ ግን ወሰን የሚያበጅለት ሰው ካልተገኘ በቀር ከራሱ ወሰን የለውም። በእጅ ስልክ ሆኖ ከሠራተኛው ጋራ ወደ ቤት ይገባል፤ ከማዕድ ይቀርባል፤ ከመኝታውም አጠገብ ያድራል። እኔ በዚህ ሥራ ዐሥር ዓመት ስለ ቈየሁ፥ ያየሁትንና የተማርሁትን በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ብጽፈው፥ የመሥሪያ ቤት አለቆችም የቤት ባለቤቶችም ጥቅም ያገኙበታል ብዬ አስባለሁ።

አስቀድሞ ስለ ሥራው ጥቂት ቃል መናገር ያስፈልጋል። የዲጂታል ማስታወቂያ ድርጅት ማለት የሌላው ሰው ንግድ በኢንተርኔት አማካይነት እንዲታወቅ የሚያደርግ ድርጅት ነው። ለሆቴሉ ድረ ገጽ ይሠራል፤ ለባንኩ ሥዕልና ጽሑፍ አዘጋጅቶ በፌስቡክና በቴሌግራም ያወጣል፤ ለትምህርት ቤቱ አጭር ቪዲዮ ያነሣል፤ ገበያተኛው የሚጠይቀውን ጥያቄ በባለቤቱ ስም ይመልሳል፤ በወሩም መጨረሻ ስንት ሰው እንዳየውና ስንቱ እንደ ጠየቀ ቈጥሮ ለባለ ገንዘቡ ያስረክባል። ስለዚህ ሥራው እኩሌታው የንግድ፥ እኩሌታው የጽሕፈት ነው። ከሁሉም ይልቅ ግን የአደራ ሥራ ነው። የደንበኛው ገጽ የሚከፈትበት ይለፍ ቃል በሠራተኛው እጅ ይቀመጣልና፥ ያለ ቦታው የወጣ አንድ ቃል በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ለብዙ ሺህ ሰው ይደርሳል።

የተወለድሁትም የምኖረውም በአቃቂ ነው። አቃቂ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ያለ ሰፈር ሲሆን፥ ከጥንት ጀምሮ አዲስ ነገር ወደ ከተማው የሚገባበት በር ሆኖ ኖሯል። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ የደረሰው በአቃቂ አልፎ ነው። የኢትዮጵያ ቃል በአየር ወደ ሩቅ አገር የተላለፈበት የራዲዮ ጣቢያ በአቃቂ ተሠርቶ በጥር ወር 1927 ዓ.ም ተመርቋል። ከ1950ዎቹ ዓመታት ወዲህ ደግሞ የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ተተክለውበት የሠራተኛ ከተማ ሆነ። አባቴም ከነዚህ ፋብሪካዎች በአንዱ በሽመና ክፍል ሠላሳ ሁለት ዓመት ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል። እኛ የአቃቂ ልጆች ሰዓት የተማርነው ከግድግዳ ሰዓት አይደለም፤ የጧት ፈረቃ ሲገባና የማታ ፈረቃ ሲወጣ በመንገዱ ከሚያልፈው ሠራተኛ ብዛት ነው።

እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ወደ ሥራ የገባሁት በመስከረም ወር 2008 ዓ.ም ነው። በዚያው ወር በ9ኛው ቀን ከቃሊቲ እስከ ምኒልክ አደባባይ የሚሄደው ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ። እኔም ከአቃቂ እስከ ቃሊቲ በታክሲ፥ ከዚያም በባቡሩ ተሳፍሬ በጎተራ አካባቢ ወደ ነበረው ቢሮአችን እሄድ ጀመር። ድርጅቱ በሁለት ክፍል ውስጥ የተቀመጠ፥ ከባለቤቱ ጋራ ስድስት ሰዎች ብቻ የነበሩበት ነው። ሁላችንም ሁሉን ነገር እንሠራ ነበር። ሥዕል የሚሠራው ሰው ሒሳብ ይሰበስባል፤ ጽሑፍ የምጽፈው እኔ ደንበኛ ፍለጋ ከሱቅ ወደ ሱቅ እዞራለሁ። ብዙው ነጋዴ «ኢንተርኔት ምን ያደርግልኛል? ደንበኞቼ መንገዱን ያውቁታል» ይለን ነበር።

በዚያን ጊዜ ዋናው ድካማችን ፊደላችን ነበር። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት መዝገብ፥ ማለት በዩኒኮድ፥ ከገባ ከ1992 ዓ.ም ጀምሮ ብዙ ዓመት ቢሆነውም፥ በየጽሕፈት ቤቱና በየማተሚያ ቤቱ የሚሠራበት የቀድሞው ፕሮግራም ገና አልተወም ነበር። በዚያ የተጻፈ የአማርኛ ደብዳቤ ወደ ድረ ገጽ ሲዛወር ወደማይነበብ ምልክት ይለወጣል። ስለዚህ ደንበኛው የላከልንን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደ ገና በእጄ እጽፈው ነበር። ይህ አድካሚ ሥራ ግን አንድ ትልቅ ጥቅም ሰጠኝ። የባንኩን፥ የሆስፒታሉን፥ የሲሚንቶ ነጋዴውን ቋንቋ ቃል በቃል ስለ ጻፍሁት፥ የእያንዳንዱን ንግድ አካሄድ ከውስጥ ሆኜ ዐወቅሁት።

ድርጅቱ ያደገው አገሩ በዚህ በኩል ባደገበት መጠን ነው። በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው የመንግሥት ዕቅድ ጸደቀ፤ በዚያው ዓመት በኤሌክትሮኒክስ መንገድ የሚደረገውን ግብይት የሚፈቅደው አዋጅ ቍጥር 1205/2012 ወጣ። ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር የተባለውን የስልክ ገንዘብ አስጀመረ። መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም ደግሞ ሳፋሪኮም በአዲስ አበባ ሥራ ሲጀምር፥ በአንድ መንግሥታዊ ድርጅት ብቻ ይካሄድ የነበረው የስልክ አገልግሎት ሁለተኛ ሰጪ አገኘ። ቀድሞ «ምን ያደርግልኛል?» ይል የነበረው ነጋዴ አሁን ገዥው በስልኩ ዐይቶ በስልኩ የሚከፍል መሆኑን ስላወቀ፥ ራሱ ወደ እኛ ይመጣ ጀመር። ስድስት የነበርነው ሠራተኞች አርባ ሆንን፤ ሁለት ክፍል የነበረውም ቢሮ ሁለት ፎቅ ሆነ።

ይህ ሁሉ ያለ ፈተና የተገኘ አይደለም። በ2009 ዓ.ም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ጊዜ የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ከሁሉ የከበደው ግን የ2012 ዓ.ም ነው። የኮሮና በሽታ በመጋቢት ወር ገብቶ ሆቴሎችና ትምህርት ቤቶች ስለ ተዘጉ፥ ከደንበኞቻችን ብዙዎቹ ውላቸውን አቆሙ። ከሰኔ 23 ቀን ጀምሮ ደግሞ ለአገሩ የኀዘን ወራት በሆነው በዚያ ክረምት፥ ሦስት ሳምንት ያህል ኢንተርኔት በመላው አገር ተቋረጠ። ኢንተርኔት ለሌለው የዲጂታል ድርጅት ሥራ አለው ማለት፥ ውሃ ለሌለው ወፍጮ ይፈጫል እንደ ማለት ነው። የድርጅቱ ባለቤት ሰበሰበንና «ደመወዝ ይቀነሳል፤ ከእኔ ይጀመራል፤ ሰው ግን አይቀነስም» አለን። እንዳለውም አደረገ። በዚያ ክረምት የወጣ ሠራተኛ የለም፤ ዛሬ የየክፍሉ ኀላፊዎች የሆኑትም እነዚያው የቈዩት ናቸው።

እነዚያ ሦስት ሳምንቶች በቤታችን ሌላ ነገር አሳዩን። ስልኬ መልእክት ስለማያመጣ፥ ማታ ማታ ሁላችን በአንድ ማዕድ ቀርበን ሳንቸኩል እንበላ ነበር። ያን ጊዜ ትንሽ ልጅ የነበረችው ሴት ልጄ አያቷን «እማዬ አሁን ሥራ የላትም?» ብላ ጠየቀችው። አባቴም «ሥራማ አላት፤ ፈረቃዋ አልቆ ነው» ብሎ መለሰላት።

ይህ የአባቴ መልስ ሲቀልድ የተናገረው ቢሆንም፥ ኢንተርኔቱ ከተመለሰ በኋላ ከልቤ አልወጣም። ባለቤቴ በጅቡቲ መንገድ የከባድ መኪና ነጂ ስለ ሆነ፥ ከወሩ እኩሌታውን ከቤት ውጭ ያድራል። ልጆቹን የምናሳድገው አባቴና እኔ ነን። የሥራው መልእክት ግን ከሌሊቱ አምስት ሰዓትም ከንጋቱ ዐሥራ አንድ ሰዓትም ይመጣል። አንድ ደንበኛ ሱቁን ዘግቶ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው ማስታወቂያውን የሚያስበው፤ ሌላውም ጧት ከመውጣቱ በፊት ነው። በእያንዳንዱ ሰው ዘንድ ሲታይ ጥያቄው የአምስት ደቂቃ ነገር ነው፤ ዐሥሩ አምስት ደቂቃ ሲደመር ግን የቤቱን ማታ ይጨርሰዋል።

አንድ ማታ አባቴ እንዲህ አለኝ፤ «ልጄ፥ እኛ ሦስት ፈረቃ ስንሠራ ደወሉ በተደወለ ጊዜ መኪናዪቱ አትቆምም ነበር። እኛ የምንሄደው የሚተካን ሰው ስለሚመጣ ነው። አንቺን የሚተካሽ ማን ነው?»

«አባባ፥ የእኔን ሥራ የሚያውቀው ሌላ ሰው የለም» አልሁት።

«እንግዲያስ ድርጅቱ አላደገም፤ የደንበኛው ቍጥር ብቻ ነው የበዛው» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ለቤቱ ደወል አበጀ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ቡና ይወቀጣል። የሙቀጫው ድምፅ በተሰማ ጊዜ በቤቱ ውስጥ ያለ ስልክ ሁሉ፥ የእንግዳም ቢሆን፥ በመደርደሪያው ላይ ይቀመጣል፤ እስከ ሦስት ሰዓትም ማንም አያነሣውም። ባለቤቴ ከመንገድ የሚደውልበት አንድ የቆየ፥ ኢንተርኔት የማይገባበት ስልክ ብቻ ከእጃችን አይለይም። ልጆቹ ይህን ሥርዓት ከእኛ ይልቅ አጥብቀው ይጠብቁታል።

ነገር ግን የቤት ደወል ብቻውን አይበቃም፤ መሥሪያ ቤቱም ሊያውቀው ይገባል። በዚህም ላይ ሕጉ ምን እንደሚል መናገር ይጠቅማል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፥ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የትርፍ ሰዓት ሥራም በቀን ከ4፥ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዲያልፍ አይፈቀድም፤ ክፍያውም ከመደበኛው ከፍ ያለ ነው። ይኸው አዋጅ ለቤተ ሰብ ያመጣው ሌላም መልካም ነገር አለ። የመጀመሪያዪቱን ልጄን በ2009 ዓ.ም ስወልድ፥ በቀድሞው በአዋጅ ቍጥር 377/1996 የተፈቀደልኝ ዕረፍት ከመውለድ በፊት 30፥ ከወለዱ በኋላ 60 ቀን ነበር። ሁለተኛውን በ2013 ዓ.ም ስወልድ ግን ከወሊድ በኋላ ያለው 90 ቀን ሆኖ አገኘሁት፤ ለአባትየውም የ3 ቀን ፈቃድ ተጨምሮ ነበር። ሠላሳ ቀን በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ አራስ ልጅዋን በሁለት ወሩ ትታ የወጣችና በሦስት ወሩ ትታ የወጣች እናት ግን ልዩነቱን ታውቀዋለች።

በ2015 ዓ.ም የድርጅቱ ባለቤት ጠርቶ የጽሑፍና የደንበኞች ክፍል ኀላፊ እንድሆን ጠየቀኝ። ደመወዙ ከፍ ያለ፥ ማዕረጉም የሚያስደስት ነበር። ነገር ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ከላይ የተናገርሁት አዋጅ የሚጠብቀው ሠራተኛውን ነው፤ የሥራ መሪ የተባለው ከአዋጁ ውጭ ነው፤ ሰዓቱም የሚወሰነው በሚፈርመው ውል ነው። ስለዚህ ሰው በማዕረግ ከፍ ባለ ቍጥር ደወሉን ያጣል ማለት ነው። በውሉም ረቂቅ ላይ «በማንኛውም ጊዜ በስልክ ትገኛለች» የሚል ቃል ተጽፎ ነበር።

እኔም ለሦስት ቀን ከባለቤቴና ከአባቴ ጋራ ከተመካከርሁ በኋላ፥ ሦስት ነገር በጽሑፍ አቀረብሁ። የመጀመሪያው፥ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ንጋቱ አንድ ሰዓት ለሚመጣው ጉዳይ በየሳምንቱ በተራ የሚሠራ ተረኛ እንዲመደብና ተረኛውም ክፍያውን ወይም የጧት ዕረፍቱን እንዲያገኝ ነው። ሁለተኛው፥ የእያንዳንዱን ደንበኛ ሥራና ይለፍ ቃል ሁለት ሰዎች እንዲያውቁት፥ በመዝገብም እንዲጻፍ ነው። ሦስተኛው፥ ለሌሊት የሚገባው ጉዳይ ምን ምን እንደ ሆነ ለደንበኛው አስቀድሞ እንዲነገረው ነው። ገጹ በሌባ ቢሰረቅ፥ የተሳሳተ ዋጋ ቢወጣ፥ አደጋ ቢደርስ ይህ የሌሊት ጉዳይ ነው፤ የሥዕሉ ቀለም ይለወጥ ማለት ግን የነገ ጉዳይ ነው።

ባለቤቱ ጥቂት አመነታ። «ደንበኛው ሌሎቹ ድርጅቶች ሌሊትም ይመልሱልኛል ቢለኝ ምን እለዋለሁ?» አለ። እኔም «እኛም ሌሊት እንመልሳለን፤ የሚመልሰው ግን የነቃ ሰው ነው ይበሉት» አልሁት። ለሦስት ወር ይሞከር ተባለ። በነዚያ ሦስት ወራት አንድ ደንበኛ ትቶን ሄደ፤ የቀሩት ግን ቈዩ። ያልጠበቅነውም ጥቅም ተገኘ። ቀድሞ አንድ ሠራተኛ ታሞ ሲቀር የእሱ ደንበኛ ሥራ ሁሉ ይቆም ነበር፤ አሁን ግን ሁለተኛው ሰው ያውቀዋልና አይቆምም። ወጣቶቹም የአንዱን ሥራ ሌላው ስለሚያየው ቶሎ ተማሩ። የግል መረጃን ስለ መጠበቅ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 በወጣ ጊዜም፥ የማን ቍልፍ በማን እጅ እንዳለ የሚናገር መዝገብ ስለ ነበረን ሥራው ቀለለልን። ይህንንም ሦስተኛ ዓመት ሠርተንበታል።

ከዚህ ወዲህም ቢሆን ችግር አልታጣም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ገንዘብ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር አለፈ። በፌስቡክና በጉግል ለሚወጣ ማስታወቂያ የሚከፈለው በዶላር ነውና፥ ብዙ ደንበኛ ወጪውን ቀነሰ። እንደዚሁም በራሱ ጽሑፍ የሚጽፍና ሥዕል የሚሠራ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቶ፥ ወጣቶቹን «የእኛ እንጀራ ምን ይሆናል?» አሰኝቷቸዋል። እኔ የማየው ይህ ነው፤ መኪናው ብዙ ቃል ቶሎ ይሰጣል፤ ነገር ግን የቃሊቲው የመለዋወጫ ነጋዴ ደንበኛውን እንዴት እንደሚያነጋግር፥ ለኀዘን ቤት የሚላክ ቃልና ለሠርግ የሚላክ ቃል በምን እንደሚለይ የሚያውቀው በአገሩ የኖረ ሰው ነው። ስለዚህ ለወጣቶቹ መኪናውን እንዲማሩት፥ ይልቁንም ቋንቋቸውንና ደንበኛቸውን እንዲያውቁ እመክራቸዋለሁ። የአባቴ ጓደኞችም አዲስ የሽመና መኪና ሲመጣ የተረፉት፥ ክሩን በጣታቸው ዳስሰው የሚያውቁት ነበሩ።

እንግዲህ ከዚህ ዐሥር ዓመት ያገኘሁትን በአጭር ቃል ልናገር። የመሥሪያ ቤት አለቆች የሆናችሁ፥ ዛሬ በየቢሮው የቴሌግራም ማኅበር ተቋቁሞ ትእዛዝ በማንኛውም ሰዓት የሚላክበት ዘመን ነውና፥ ከመላካችሁ በፊት «ይህ የሌሊት ጉዳይ ነው ወይስ የነገ?» ብላችሁ ጠይቁ። አለቃ የጻፈውን ሳይመልስ የሚተኛ ሠራተኛ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ የአለቃው ዝምታ ለሠራተኛው ቤት ትልቅ ስጦታ ነው። አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ሥራ ካለባችሁም፥ ያ ሰው ጠንካራ ነው ብላችሁ አትመኩ፤ ሁለተኛ ሰው አስተምሩበት። ለዘበኛና ለሐኪም ተራ ያወጣ አእምሮ ለዚህም ሥራ ተራ ማውጣት አያቅተውም።

በዚህ ሥራ ያላችሁ እናቶችና አባቶችም፥ ማዕረግ ሲቀርብላችሁ ስለ ደመወዙ እንደምትጠይቁ ሁሉ ስለ ሰዓቱም ጠይቁ፤ የተስማማችሁበትንም በውሉ አስጽፉ። በቃል የተሰጠ ሰዓት ሥራ በበዛ ጊዜ ይረሳል፤ የተጻፈው ግን ይቆያል። በቤታችሁም ሽማግሌ ካለ ምክሩን አትናቁ። የኮምፒዩተርን ሥራ የማያውቅ ሰው የሥራን ጠባይ ሊያውቅ ይችላል።

ድርጅት ሲያድግ የሠራተኛው ቍጥር ይበዛል፥ ቤቱ ይሰፋል፥ ስሙም ይታወቃል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን የማደጉ እውነተኛ ምልክት፥ ማታ ሲሆን ተተኪ አግኝቶ ወደ ልጆቹ የሚመለስ ሰው መኖሩ ነው። ሥራችሁ ይብዛ፤ ተተኪም አይጥፋባችሁ።